መሣሪያው እንደ ተሰናዳለት ይመዘግባል፤ የአራት ኪሎ ጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪና የታሪክ ምስክርነት

ከፒያሳ ተነሥቶ የራስ መኮንንን ድልድይ ተሻግሮ ወደ አራት ኪሎ የሚወጣ መንገደኛ፥ የሳይንስ ፋኩልቲውን አጥር ታክኮ ሲያልፍ የምድር እርምጃ የሚቈጠርበት ቤት አጠገብ መሆኑን ብዙ ጊዜ አያስበውም። እኛም ተማሪዎች ሆነን በዚያው በር ስንገባና ስንወጣ ለብዙ ጊዜ አላሰብነውም ነበር። ነገር ግን ከ2017 ዓ.ም. መስከረም ወር ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ለወራት እየተደጋገመ አዲስ አበባ ድረስ በተሰማ ጊዜ፥ በፎቅ ቤት የሚኖረው ሁሉ በሌሊት ወደ ደጅ እየወጣ «ስንት ሰዓት ነበር? ካለፈው ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» እያለ ሲጠያየቅ ሰማን። ይህ ጥያቄ በእርግጥ የመዝገብ ጥያቄ ነው። ስለዚህ መዝገቡ እንዴት እንደሚሠራ ለመመርመር ተነሣን።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኦብዘርቫቶሪውን ሙሉ ታሪክ መተረክ አይደለም። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም አንድን የመለኪያ መሣሪያ በምን ያህል ጊዜ እንዲያነብ፥ ምን ያህል እንዲያጐላ፥ በየትኛው ሰዓት እንዲቈጥር፥ መቼ እንዲጽፍና መቼ ዝም እንዲል አስቀድሞ የሚወስነው ሰው፥ ለኋለኛው ታሪክ ጸሐፊ ምን ያቈይለታል፥ ምንስ ያስቀርበታል? የሚል ነው። የእኛ አሳብ እንዲህ ነው፤ መዝገብ ብቻውን ሙሉ ምስክር አይሆንም። መሣሪያው እንዴት እንደ ተሰናዳ የሚናገረው ወረቀት አብሮት ካልተቀመጠ ምስክርነቱ ጐዶሎ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ስንል የኢትዮጵያን፥ እ.ኤ.አ. ስንል የአውሮፓውያንን አቈጣጠር ማለታችን ነው። ይህን መለየት ለምን እንዳስፈለገ ወደ ኋላ እንደርስበታለን።

መሣሪያ ከመምጣቱ በፊት

በ1898 ዓ.ም. ነሐሴ 19 ቀን፥ ማለት እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 1906፥ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ። መጠኑ ወደ 6.8 እንደሚደርስ ይገመታል፤ አዲስ አበባ ላይም ተሰምቶ ሕዝቡን አስደንግጧል። ያን ጊዜ የከተማይቱ ገበያ ዛሬ መርካቶ በምንለው ስፍራ ሳይሆን በጊዮርጊስ ዙሪያ በአራዳ ነበር። ገበያተኛው ምድር ስትነቃነቅ በእግሩ ዐወቀ፤ በአገሩ ውስጥ ግን መንቀጥቀጡን የሚጽፍ አንድም መሣሪያ አልነበረም። መጠኑን ለማወቅ የተቻለው በውጭ አገር፥ ጥላሸት በተቀባ ወረቀት ላይ በመርፌ ይጭሩ የነበሩ መሣሪያዎች የምድርን ሞገድ ከሩቅ ስለ ተቀበሉት ነው።

ከዚያ በፊት የነበረው መዝገብ የሰው መዝገብ ነው። አንኮበር እ.ኤ.አ. በ1841 እና በ1842 በመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ መጐዳቷ የታወቀው የሸዋ ንጉሥ መቀመጫ በመሆኗና በዚያው ዘመን የውጭ አገር መልእክተኞች በአካባቢው በመኖራቸው ነው። በዚያው ዓመት በአፋር በረሓ እኩል ብርታት ያለው መንቀጥቀጥ ቢሆን ኖሮ ማን ይጽፈው ነበር? እንግዲህ ዜና መዋዕል ጸሐፊም በአንድ በኩል መዝጋቢ መሣሪያ ነው። የቆመበት ስፍራ አለው፤ ትኩር ብሎ የሚያየው ነገር አለው፤ ከዚህ ወሰን በታች ያለውን «ለመጻፍ አይበቃም» ብሎ የሚተወው ነገርም አለው። ልዩነቱ የሰው ውሳኔ በልብ ውስጥ የሚቀር ሲሆን የመሣሪያው ግን በቍጥር ሊጻፍ መቻሉ ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ መቅረቱ ነው።

የኦብዘርቫቶሪው መቋቋም

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በአራት ኪሎ ሥራውን ጀመረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዓለም ሊቃውንት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1957 እስከ ዲሴምበር 1958 ድረስ ያለውን ጊዜ ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ብለው ሰየሙት። በዚህ ምክንያት በ1950 ዓ.ም. በኮሌጁ ግቢ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ፤ መሥራቹና ለብዙ ዘመን መሪው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን የነበሩት ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዋን ናቸው።

አዲስ አበባ የተመረጠችበት ምክንያት ከማግኔት ጋር የተያያዘ ነው። የምድር ማግኔት መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል አግድም የሚቆምበት መሥመር፥ የማግኔት ምድር ወገብ የሚባለው፥ በአገራችን ያልፋል። በዚህ መሥመር ላይ፥ ከምድር ወደ 100 ኪሎ ሜትር ከፍታ፥ በቀን ብርሃን ጊዜ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይፈስሳል። በአዲስ አበባ የማግኔቱ መስክ ወደ 36,000 ናኖቴስላ ሲሆን፥ ይህ ጅረት በእኩለ ቀን ገደማ ከመቶ ናኖቴስላ የሚቀራረብ ለውጥ ያመጣበታል። ይህን በአፍሪካ በኩል የሚከታተል ጣቢያ ያስፈልግ ነበር።

በዚያ ዘመን ይሠራበት የነበረው የማግኔት መመዝገቢያ ኤሌክትሮኒክ አልነበረም። በቀጭን ክር በተንጠለጠለ ማግኔት ላይ ትንሽ መስተዋት ትለጠፋለች፤ ከመብራት የሚመጣ ጨረር በመስተዋቷ ነጥሮ፥ ቀስ እያለ በሚሽከረከር ሲሊንደር ላይ በተጠቀለለ የፎቶግራፍ ወረቀት ላይ ያርፋል። ወረቀቱ በጨለማ ክፍል ታጥቦ ሲወጣ የቀኑ መሥመር ይታያል። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ውሳኔ አለ፤ ሲሊንደሩ ምን ያህል ይፍጠን? በዓለም የተለመደው ፍጥነት በሰዓት ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነበር። በ20 ሚሊ ሜትር ብንሄድ አንዲት ሚሊ ሜትር 3 ደቂቃ ትይዛለች። ስለዚህ ከፀሐይ የተነሣ ማዕበል ምድርን ሲመታ የማግኔቱ መስክ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ብድግ ሲል፥ በወረቀቱ ላይ ቀጥ ያለ ደረጃ ብቻ ይመስላል። የደረጃው ውስጥ ዝርዝር ጠፍቷል፤ የጠፋው ስላልነበረ ሳይሆን ወረቀቱ ቀስ ብሎ ስለ ሄደ ነው። በሌላ በኩል ሲሊንደሩን ብናፈጥነው ወረቀቱም የሠራተኛው ድካምም ይበዛል። ጥያቄው ቀኑን ሙሉ የሚሄደውን ዝግተኛ ለውጥ ማየት ከሆነ ዝግተኛው ፍጥነት ትክክለኛ ምርጫ ነበር።

ለማን ጥያቄ ተሰናዳ?

ከማግኔቱ ቀጥሎ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ተተከለ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያም አራት ኪሎ አንድ ዓይነት መሣሪያ ከተሰጣቸው ወደ 120 ከሚሆኑ የዓለም ጣቢያዎች አንዱ ሆነ። ይህን መረብ የዘረጋችው አሜሪካ ናት፤ ከዋና ምክንያቶቹም አንዱ በምድር ውስጥ የሚፈነዳን የኑክሌር ቦምብ ከተፈጥሮ መንቀጥቀጥ ለይቶ ማወቅ ነበር። የጣቢያዎቹ ወረቀት በማይክሮፊልም እየተነሣ ለዓለም ተመራማሪዎች ሁሉ ክፍት ስለሆነ ለሳይንስ ያበረከተው ጥቅም እጅግ ታላቅ ነው። ቢሆንም ታሪክ ተማሪ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፤ መሣሪያው በመጀመሪያ የተሰናዳው ሩቅና ደካማ የሆነውን ሞገድ ለመያዝ ነው።

ይህ ምን ያመጣል? በእነዚያ መሣሪያዎች ፈጣኑን ሞገድ የሚይዘው ክፍል ወረቀቱን በደቂቃ 60 ሚሊ ሜትር ያስኬደው ነበር፤ አንዲት ሚሊ ሜትር አንዲት ሴኮንድ ማለት ነው። የማጉያው መጠን ደግሞ እንደ ጣቢያው ጸጥታ በእጥፍ እየተመረጠ 25,000፥ 50,000 ወይም 100,000 ይደረግ ነበር። ማጉያው 50,000 ሲሆን፥ ምድር የአንድ ሚሊ ሜትር ሺሕኛ እጅ ብትነቃነቅ በወረቀቱ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በዚህ ብልሃት ከሌላ ክፍለ ዓለም የሚመጣ ሞገድ በአራት ኪሎ ይነበባል። ነገር ግን ብርቱ መንቀጥቀጥ በቅርብ የሆነ እንደሆነ የብርሃኗ ነጥብ ከወረቀቱ ጠርዝ ወጥታ ትወረወራለች፤ መሥመሩም ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ሞገዱ መቼ እንደ ደረሰ ይናገራል እንጂ ምን ያህል እንደ ነበረ አይናገርም። ለሩቁ የተከፈተ ጆሮ በቅርቡ ጩኸት ደነቈረ ማለት ነው። እንግዲህ የማጉያውን ቍጥር ሳያውቅ ወረቀቱን የሚያነብ ሰው ታናሹን ታላቅ፥ ታላቁንም ባዶ ስፍራ አድርጎ ሊጽፍ ይችላል።

ኤሌክትሮኒኩ ዘመን

ዛሬ ወረቀቱና ጨለማው ክፍል ለኤሌክትሮኒክ መዝጋቢ፥ ማለት ዳታ ሎገር ለሚባለው፥ ስፍራቸውን ለቀዋል። ብዙዎቻችን መሣሪያው ኤሌክትሮኒክ ከሆነ ያለ ሰው ውሳኔ የሚሠራ ይመስለናል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው፤ ቀድሞ ወረቀት በመለወጥ ይታይ የነበረው ውሳኔ አሁን በአንድ ገጽ ትእዛዝ ውስጥ ተሸሽጓል።

የመጀመሪያው ትእዛዝ የንባብ ብዛት ነው። መሣሪያው ቀጣይ መሥመር አይስልም፤ በየተወሰነ ጊዜ አንድ ቍጥር አንብቦ ያስቀምጣል። በሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ ብሎ ወደ መንገድ የሚያይ ዘበኛ በመካከል ያለፈውን ሌባ እንዳያይ፥ መሣሪያውም በሁለት ንባብ መካከል የሆነውን አያይም። ሕጉም በሴኮንድ 20 ጊዜ የሚያነብ መሣሪያ በሴኮንድ ከ10 ጊዜ በላይ የሚወዛወዝን ነገር በትክክል ሊጽፍ አይችልም የሚል ነው። ከዚህም የባሰው፥ ፈጣኑ ውዝዋዜ አስቀድሞ ካልተጣራ መጥፋቱ ቀርቶ ዝግተኛ መስሎ በመዝገቡ ውስጥ ይገባል። ያልነበረ ነገር እንደ ነበረ ሆኖ ይጻፋል ማለት ነው።

ሁለተኛው ትእዛዝ ሁልጊዜ ይጻፍ ወይስ ሲቀሰቀስ ብቻ? የሚል ነው። ሒሳቡን እንየው። በሴኮንድ 20 ንባብ በቀን 1,728,000 ንባብ ነው። ምድር ወደ ላይና ወደ ታች፥ ወደ ሰሜንና ደቡብ፥ ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ስለምትነቃነቅ ሦስት መሥመር ያስፈልጋል፤ በጠቅላላው 5,184,000 ቍጥር ይሆናል። እያንዳንዱ ቍጥር 4 ባይት ቢይዝ በቀን ወደ 21 ሚሊዮን ባይት ነው። 1.44 ሜጋ ባይት በሚይዘው በቀድሞው ፍሎፒ ዲስክ ቢቀመጥ ለአንድ ቀን ብቻ 15 ዲስክ ይፈጃል። ስለዚህ ማከማቻ ውድ በነበረበት ዘመን ብዙ መሣሪያዎች መንቀጥቀጥ ሲመጣ ብቻ እንዲጽፉ ይታዘዙ ነበር። መሣሪያው ያለፉትን ጥቂት ሴኮንዶች አማካይ ካለፉት ብዙ ሴኮንዶች አማካይ ጋር ያነጻጽራል፤ የአጭሩ ከረጅሙ በተወሰነ እጥፍ ሲበልጥ ይነቃል።

ይህ ብልሃት ለታሪክ ጸሐፊ ወጥመድ አለው። ከተማ በቀን ይጮኻል፤ መኪናው፥ ባቡሩ፥ የሕንፃ ሥራው ምድርን ያነቃንቃል። የረጅሙ አማካይ በቀን ከፍ ስለሚል ትንንሹ መንቀጥቀጥ መሣሪያውን አይቀሰቅሰውም፤ በሌሊትና በበዓል ግን ይቀሰቅሰዋል። ከዚህ የተነሣ መዝገቡን ብቻ የሚቈጥር ሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ሌሊትን ይወዳል ወደሚል አሳብ ሊደርስ ይችላል። ሌሊቱን የሚወደው መንቀጥቀጡ ሳይሆን የመሣሪያው ወሰን ነው። በዚህም ምክንያት ስሜታቸው የበረታ መሣሪያዎች ከከተማ ራቅ ወዳለ ስፍራ ይወሰዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የዓለም አቀፉ መረብ ጣቢያ በፉሪ ተራራ ላይ የተተከለው ከእንዲህ ዓይነቶቹ አንዱ ነው። ይህን የመሰለ ጣቢያ አንዱን እንቅስቃሴ በሴኮንድ 20 ወይም 40 ጊዜም፥ በሴኮንድ አንድ ጊዜም እያነበበ በልዩ ልዩ መሥመር ያስቀምጣል፤ ለፈጣኑም ለዝግተኛውም ጥያቄ መልስ እንዲኖር።

ሦስተኛው ትእዛዝ ምን ያህሉ ይመዘን፥ ምን ያህሉስ በአማካይ ይጠቃለል? የሚለው ነው። አራት ኪሎ የገባበት ኢንተርማግኔት የተባለው ዓለም አቀፍ የማግኔት መረብ፥ ጣቢያዎች ሁሉ ቶሎ ቶሎ ካነበቡት አጣርተው በየደቂቃው አንድ ዋጋ፥ እስከ አንድ አሥረኛ ናኖቴስላ ድረስ፥ እንዲሰጡ ደንግጓል። ደንቡ አንድ ስለሆነ የአዲስ አበባ ደቂቃ ከሌላው አገር ደቂቃ ጋር ይነጻጸራል። ጥቅሙ ይህ ነው።

የ1961 ነገር

አራተኛው ትእዛዝ ሰዓትና ቀን ነው፤ በአገራችንም ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ይህ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ1961 በደሴ መንገድ ላይ ባለችው በካራ ቆሬና በማጀቴ ብርቱ መንቀጥቀጥ ሆኖ ማጀቴን አፈራርሷታል። በ1961 ዓ.ም. መጋቢት ደግሞ በአሰብ መንገድ ላይ የነበረችው ሰርዶ በመንቀጥቀጥ ፈርሳለች። የመጀመሪያው በእኛ አቈጣጠር 1953 ነው፤ ሁለተኛው በአውሮፓውያን 1969 ነው። እንግዲህ አንድ ሰው በአሮጌ ፋይል ውስጥ «የ1961 የመሬት መንቀጥቀጥ» የሚል አንድ ሉክ ወረቀት ቢያገኝ የትኛውን ያነሣል? አቈጣጠሩ ካልተጻፈ የማጀቴን ፍርስራሽ ለሰርዶ፥ የሰርዶን ለማጀቴ ሊሰጥ ይችላል።

ስለ ሰዓቱም እንዲሁ ነው። የካራ ቆሬው ዋና መንቀጥቀጥ የሆነው በግሪንዊች አቈጣጠር ጁን 1 ቀን 23 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። በአገራችን ሰዓት ላይ 3 ሲጨመር ጁን 2 ይሆናል፤ እኛም ግንቦት 25 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ካለፈ በኋላ እንላለን። ለቀዬው ሰው ግን ቀን የሚለወጠው በንጋት ስለሆነ ገና ግንቦት 24 ነው። የአማርኛ ተናጋሪ ይህን ችግር ከጥንት ዐውቆ «ግንቦት 24 ለ25 አጥቢያ» በማለት ፈትቶታል። ሁለቱንም ቀን ጠርቶ ሌሊቱን በመካከል ያስቀምጣል። መዝጋቢ መሣሪያ ይህን የመሰለ አነጋገር የለውም፤ አንድ ሰዓት ብቻ ንገረኝ ይላል። ስለዚህ የዓለም ጣቢያዎች ሁሉ ሰዓታቸውን በግሪንዊች ያደርጋሉ፤ ቀድሞ በኳርትዝ ሰዓትና በራዲዮ ምልክት፥ አሁን ደግሞ በጂ.ፒ.ኤስ. ያስተካክሉታል። በስምጥ ሸለቆ የመንቀጥቀጥ ሞገድ በሴኮንድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሄድ፥ የአንድ ጣቢያ ሰዓት በ5 ሴኮንድ ቢሳሳት ርቀቱ በ30 ኪሎ ሜትር ይሳሳታል።

ስለ ባዶ ስፍራ

እዚህ ላይ ከራሳችን ሕይወት አንድ ነገር ብንናዘዝ አንባብያን ይታገሡን። በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን የዝናብ መለኪያውን ጧት ጧት በ3 ሰዓት አንብቦ የመጻፍ ተራ ደረሰን። ለፋሲካ ዕረፍት ሄደን ስንመለስ አራት ቀን ሳይጻፍ አገኘነው፤ በመለኪያው ውስጥ ግን ውሃ ነበር። እኛም ውሃውን ለክተን ለአራት እኩል ከፍለን በአራቱ ቀኖች ፊት ጻፍነው። መዝገቡም ንጹሕ ሆነ። መምህራችን አይተው ቅዳሜ ዕለት ሰማዩ ጠርቶ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ መዋላቸውን ነገሩንና «ውሃው እውነተኛ ነው፤ ክፍፍሉ ግን የእናንተ ድርሰት ነው» አሉን። ከዚያም የእኛን ቍጥሮች ሰርዘው በሦስቱ ቀኖች ፊት «አልታየም»፥ በአራተኛው ፊት ድምሩን ጻፉ። ያን ጊዜ አፈርን እንጂ ነገሩ አልገባንም ነበር።

ኤሌክትሮኒክ መዝጋቢም መብራት ሲጠፋበት ወይም ማከማቻው ሲሞላበት ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ይታዘዛል። ሲሞላ ያቁም ወይስ አሮጌውን እየደመሰሰ አዲሱን ይጻፍ? ያልተነበበውን ባዶ ይተው፥ ዜሮ ይጻፍ ወይስ የቀደመውን ቍጥር ይድገም? ዜሮ ማለት «ምድር ጸጥ ብላ ነበር» ማለት ነው፤ ባዶ ማለት «አላየንም» ማለት ነው። እነዚህን ሁለቱን የሚያደባልቅ መሣሪያ ስለ ራሱ ዝምታ ይዋሻል።

ማጠቃለያ

አባ ጉዋን የኢትዮጵያንና የአፍሪካን ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ1979 ሲያሳትሙ፥ የዜና መዋዕሉን፥ የመንገደኛውንና የመሣሪያውን ምስክርነት በአንድነት መዘኑ። ምስክሮቹ እኩል አለመሆናቸውን ያላስተዋለ ሰው፥ ከ1950 ዓ.ም. በኋላ መንቀጥቀጥ በአገራችን በድንገት እንደ በዛ ሊያስብ ይችላል፤ የበዛው ግን የምንሰማበት ጆሮ ነው።

ምናልባት «ዛሬ ማከማቻ ርካሽ ነው፤ ሁሉን በከፍተኛ ፍጥነት እንመዝግብና ጭቅጭቁ ይቅር» የሚል ወዳጅ ይኖራል። አሳቡ መልካም ነው፤ ከተቻለም ይደረግ። ሆኖም ያ ደግሞ ሌላ ውሳኔ ነው። መሣሪያው የት ቆመ፥ እስከ ምን ድረስ ይለካል፥ ሰዓቱ በማን ተስተካከለ፥ መቼስ ተለወጠ? የሚሉት ጥያቄዎች ማከማቻ ስለ ረከሰ አይቀሩም።

ይህም የተመራማሪዎች ጨዋታ ብቻ አይደለም። የሕንፃ ሕግ አገሩን በመንቀጥቀጥ አደጋ ደረጃ ከፍሎ የምሰሶውን ብርታት ሲወስን የሚመረኮዘው በዚህ መዝገብ ላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ በከተማው ሁሉ አዳዲስ ረጃጅም ሕንፃዎች ይቆማሉ። በእነዚያ ፎቆች ውስጥ የሚተኛው ሰው ዕጣ፥ ከስልሳ ዓመት በፊት በአራት ኪሎ አንድ ሠራተኛ ማጉያውን ስንት ላይ እንዳደረገና ያንንም ጽፎ እንደ ተወ ወይም እንዳልተወ በጥቂቱም ቢሆን ይመረኮዛል።

ስለዚህ ጓደኞቻችን በፊዚክስም፥ በኬሚስትሪም፥ በግብርናም መዝጋቢ መሣሪያ ስታሰናዱ አንዲት ገጽ ጨምሩ ብለን እንለምናለን። የንባቡን ብዛት፥ የማጉያውን መጠን፥ የመቀስቀሻውን ወሰን፥ የሰዓቱንና የዘመኑን አቈጣጠር፥ የባዶውን ስፍራ ትርጓሜ፥ የለወጣችሁበትንም ቀን ጻፉባት። ከመዝገቡ ጋር አብራ ትቀመጥ። እኛም የታሪክ ተማሪዎች ወደ ማኅደሩ ስንገባ መጀመሪያ የምንፈልገው ያችን ገጽ ይሁን።